ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት፦ ያረጁ የቢሮ ኮምፒውተሮችን ማከምና መጠበቅ

ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር መንቀራፈፍ ሲጀምር ፍርዱ ቶሎ ይሰጣል። «ቫይረስ ገብቶበታል፣ ፎርማት ይደረግ» ይባላል። አይቲው ይጠራል፣ ፍላሽ ይሰካል፣ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫናል። ለትንሽ ጊዜ ሰላም ይሆናል። ከዚያ ያው ኮምፒውተር ያንኑ ጸባዩን ይዞ ይመለሳል።

የሚመለሰው ችግሩ ከመጀመሪያውም ዊንዶውሱ ላይ ስላልነበረ ነው። አቧራ ሊሆን ይችላል። መብራት ሊሆን ይችላል። ሊሞት የተቃረበ ሃርድ ዲስክ ወይም ያለቀ የቦርድ ባትሪ ሊሆን ይችላል። ፎርማት ከእነዚህ አንዱንም አይፈታም። ዳታ ግን ያጠፋል።

ይህን የምጽፈው ስምንት፣ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለገሉ ኮምፒውተሮችን እንዲያስተዳድር ለተመደበና «አዲስ ይገዛ» ሲል «በጀት የለም» ለተባለ ሰው ነው። ያረጀ ኮምፒውተር ገና ብዙ መሥራት ይችላል ብዬ በጽኑ አምናለሁ። ሁለት ነገር ግን ይፈልጋል። ከመነካካቱ በፊት በሽታው ይታወቅ። አምራቹ ድጋፍ ካቆመለት በኋላ ደግሞ የሚገናኛቸው ነገሮች ይቀነሱ።

መጀመሪያ ዳታው ይውጣ

ዳታ ቀድሞ መውጣት እንዳለበት የማያውቅ አይቲ የለም። የሚያሳስተው «ዳታው የት ነው?» የሚለው ነው። ብዙ ሰው ዴስክቶፑንና ዶክመንትስን ኮፒ አድርጎ ጨረስኩ ይላል። የቢሮ ኮምፒውተር ላይ ግን ትልቁ ነገር እዚያ ላይኖር ይችላል።

ፒችትሪ የተባለውን የሒሳብ ፕሮግራም እንውሰድ። አገራችን ውስጥ ስንቱ ድርጅት ሒሳቡን በፒችትሪ እንደሚይዝ ሒሳብ ክፍል ገብቶ ያየ ሁሉ ያውቃል። የካምፓኒው ዳታ የሚቀመጠው አብዛኛውን ጊዜ ሲ ድራይቭ ውስጥ፣ በፕሮግራሙ የራሱ ፎልደር ሥር ነው። ዴስክቶፕ ላይ የምትታየው ምልክት መክፈቻ ብቻ ናት። እሷን ኮፒ አድርጎ ሲ ድራይቭን ፎርማት ያደረገ ሰው የድርጅቱን የዓመታት ሒሳብ አጠፋ ማለት ነው። ደህናው መንገድ ፕሮግራሙን ከፍቶ፣ ፋይል ከሚለው ሜኑ ባክአፕን መጠቀም ነው። የሚወጣው ፋይል መጨረሻው ፒ.ቲ.ቢ. ይሆናል። በኔትወርክ የከፈቱት ሌሎች ሠራተኞች ካሉ ቀድመው ይውጡ። ከዚያ ፋይሉን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሪስቶር አድርጉትና ሒሳብ ሠራተኛዋን ጥሯት። የመጨረሻው ወር ምዝገባ መኖሩን ራሷ ትይ። ባክአፕ አለ የሚባለው እሷ አይታ «አዎ፣ ሙሉ ነው» ስትል ነው።

ሁለተኛው የሚረሳው ፎንት ነው። የቆዩ የአማርኛ ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ዛሬ ሁሉም ኮምፒውተር በሚያውቀው የፊደል አሠራር፣ በዩኒኮድ፣ አልተጻፉም። በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ የድሮ ፎንቶች የተጻፉ ናቸው። እነዚያ ፎንቶች የእንግሊዝኛው ፊደልና ምልክት በተቀመጠበት ቦታ ላይ የአማርኛ ፊደል ቅርጽ ይስላሉ። ፎንቱ ከሌለ የ1998 ዓ.ም. የቅጥር ደብዳቤ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ይሆናል። ሠራተኛው «ቫይረስ በላው» ይላል። ፋይሉ ግን ደህና ነው፤ ፎንቱ ሲመለስ እንደገና ይነበባል። ስለዚህ ዊንዶውስ ውስጥ ያለውን የፎንት ፎልደር ሙሉውን ኮፒ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ጊዜ ሲገኝ ደግሞ አስፈላጊዎቹን ደብዳቤዎች ወደ ዩኒኮድ ቀይሯቸው።

አውትሉክ የሚጠቀም ሰው ካለ ኢሜይሉ በፒ.ኤስ.ቲ. ፋይል ውስጥ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ብሮውዘር ላይ የተቀመጡ ፓስወርዶችም አሉ። ሰውዬው በቃሉ አያውቃቸውም። አስቀድማችሁ ጠይቁት።

መብራቱ፣ አቧራው፣ ባትሪው

ኮምፒውተሩ በርቶ ከሠራ በኋላ ራሱን የሚያጠፋ ከሆነ መጀመሪያ ሙቀት ጠርጥሩ። ጠዋት ደህና ሆኖ ከሰዓት የሚያስቸግር ከሆነ ደግሞ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ከሶኬት ነቅላችሁ ክፈቱት። የፕሮሰሰሩ ፋን ሥር ያለው ብረት በአቧራ ተደፍኖ ታገኙታላችሁ። በብሎወር ከቢሮ ውጭ አጽዱት። ፋኑ በአየሩ ኃይል ከልክ በላይ እንዳይሽከረከር በጣታችሁ ያዙት። በብረቱና በፕሮሰሰሩ መካከል ያለው ቴርማል ፔስት (ሙቀት የሚያስተላልፈው ቅባት) ደርቆ ከተፈረፈረ በስፒሪት ጠርጋችሁ አዲስ ቀቡ። ፓወር ሳፕላዩን ግን አትክፈቱት። ከሶኬት ተነቅሎም ውስጡ አደገኛ ኤሌክትሪክ ይይዛል። ከተጠራጠራችሁት በሌላ ቀይራችሁ ሞክሩ።

ፋኑ እየዞረ ስክሪኑ ጨለማ ከሆነና ቦርዱ ቢፕ ቢፕ ካለ ራሙን (ቦርዱ ላይ የሚሰካውን የሥራ ሚሞሪ) አውጡት። ወርቃማውን ጥርስ በነጭ ላጲስ ቀስ ብላችሁ ፈትጉ፣ ፍርፋሪውን አራግፉ፣ መልሳችሁ አጥብቃችሁ ሰኩት። «ሞቷል» ተብለው ስቶር ከገቡት ኮምፒውተሮች ውስጥ በዚህ ብቻ የሚነሱ አሉ።

አሁን ወደ ባትሪው እንምጣ። ብዙ ሰው ስለሚንቀው ትንሽ ልቆይበት። ማዘርቦርዱ ላይ ሳንቲም የምታክል ባትሪ አለች፤ ሲ.አር. 2032 ትባላለች። ሦስት ቮልት ናት። ኮምፒውተሩ ከመብራት ሲነቀል ሰዓቱን የምትጠብቀው እሷ ናት። ብዙ ዓመት ታገለግላለች፣ ከዚያ ታልቃለች። ስታልቅ ጠዋት ኮምፒውተሩ ሲበራ «ኤፍ 1 ተጫኑ» ይላል፣ ቀኑም ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል። ሠራተኛው ኤፍ 1 ተጭኖ ያልፋል። ጂሜይል ሲከፍት «ግንኙነትዎ አስተማማኝ አይደለም» የሚል ቀይ ማስጠንቀቂያ ይመጣበታል። የባንኩም ገጽ እንደዚሁ። «ኢንተርኔት ተበላሽቷል» ብሎ ይደውላል። ኢንተርኔቱ ደህና ነው። እያንዳንዱ ድረ ገጽ ማንነቱን የሚያሳይበት የምስክር ወረቀት የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። ኮምፒውተሩ ገና እ.ኤ.አ. 2009 ላይ ነኝ ብሎ ካሰበ ወረቀቱ ገና ያልተሰጠ ይመስለዋል፤ ስለዚህ አልቀበልም ይላል። በዶሜይን የሚሠራ፣ ማለትም የሁሉም መግቢያ ከአንድ ሰርቨር የሚፈቀድበት ቢሮ ከሆነም ሰዓቱ ከሰርቨሩ ከአምስት ደቂቃ በላይ ከተለየ መግባት ይከለከላል።

እዚህ ላይ የኛ አገር የራሱ ጣጣ አለው። አንዳንድ ሠራተኛ ኮምፒውተሩን በሀበሻ ሰዓት ይሞላዋል። ጠዋት 3 ሰዓት ስለሆነ 3፡00 ብሎ ያስተካክላል። ኮምፒውተሩ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀረ ማለት ነው። አንዳንዱ ላይ ደግሞ ዊንዶውስ ሲጫን የሰዓት ቀጠናው የአሜሪካ እንደሆነ ይቀራል። ሠራተኛው ቀጠናውን ትቶ ሰዓቱን ብቻ ይቀይራል። ሰዓቱ ላይን ትክክል ይመስላል፤ ከበስተጀርባ ግን ተሳስቷል። የኢሜይል ሰዓት ይዘበራረቃል፣ የትኛው ፋይል አዲስ እንደሆነ ማወቅም ያስቸግራል። መፍትሔው ቀጠናውን ናይሮቢ ማድረግ፣ ሰዓቱን ከኢንተርኔት እንዲወስድ መተው ነው። ናይሮቢና አዲስ አበባ ሰዓታቸው አንድ ነው።

ስለ ባትሪዋ አንድ ነገር ይቀረኛል። ስታልቅ የባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የቦርዱ ፕሮግራም) ሴቲንጉም ከፋብሪካ ሲወጣ ወደነበረው ሊመለስ ይችላል። ሃርድ ዲስኩ የሚነበብበት መንገድ ሲቀየር ዊንዶውስ ሲነሳ ሰማያዊ ስክሪን ያመጣል። ያኔ ነው ብዙ ሰው ለፎርማት የሚቸኩለው። ያ ሁሉ ልፋት ባዮስ ገብቶ አንድ መስመር በማስተካከል ይቀር ነበር። ባትሪ ከመቀየራችሁ በፊት የባዮሱን ገጾች በስልካችሁ ፎቶ አንሷቸው።

መብራትን በተመለከተ፣ ኮምፒውተር የሚጎዳው መብራቱ ሲሄድ ብቻ አይደለም። ሲመጣም ነው። ስታቢላይዘርና ዩፒኤስ ከሌለ መብራት ሲሄድ ሶኬቱ ይነቀል፣ ሲመጣም እስኪረጋጋ ይጠበቅ። የዩፒኤስ ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ነው የሚቆየው። መብራት በሄደ ቁጥር ወዲያው የሚጠፋ ዩፒኤስ ባትሪ እንጂ አዲስ ዩፒኤስ ላይፈልግ ይችላል። ሌዘር ፕሪንተር ዩፒኤስ ላይ አትሰኩ፤ ሲሞቅ የሚስበው ኃይል ከአቅሙ በላይ ነው። የኮምፒውተሩን ሳጥን ስትነኩ እጃችሁን የሚነዝራችሁ ከሆነ ደግሞ ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርደው የመከላከያ ሽቦ) የለውም ማለት ሊሆን ይችላል። እሱ የኤሌክትሪሺያን ሥራ ነው። አትለፉት።

የሚንቀራፈፈው ለምንድን ነው?

ታስክ ማናጀርን ክፈቱ። ፐርፎርማንስ የሚለውን ነክታችሁ ሠራተኛው የዘወትር ሥራውን ሲሠራ ተመልከቱ። ዲስኩ ያለ ምንም ከባድ ሥራ 100 ፐርሰንት ላይ ተንጠልጥሎ ከቆየ በሽታውን አገኛችሁት። የድሮው የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ዊንዶውስ 10ን መሸከም ያቅተዋል። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። ዲስኩ ጤናማ መሆኑን ወይም ማስጠንቀቂያ ላይ መድረሱን በቀለም ያሳያል። ቢጫ ከሆነ ክርክር የለውም፤ ያን ቀን ዳታው ይውጣ። ቢጫ ዲስክ ላይ ዊንዶውስ እንደገና መጫን የሚሞተውን ማፋጠን ነው።

ለእኔ ለአሮጌ ኮምፒውተር ከሚወጣ ገንዘብ ሁሉ የተሻለው 240 ጊጋ ኤስ.ኤስ.ዲ.፣ ማለትም የሚሽከረከር ነገር የሌለው ፈጣን ዲስክ ነው። ሠራተኛው «አዲስ ገዛችሁልኝ?» ብሎ እስኪጠይቅ ድረስ ለውጡ ይታያል። ቀጥሎ ራም ይምጣ፤ ስምንት ጊጋ ይበቃል። ከሁለተኛ እስከ አራተኛ ጄኔሬሽን ኮር አይ ያላቸው የቢሮ ዴስክቶፖች የሚወስዱት ዲ.ዲ.አር. 3 ነው። አዲሱን ዲ.ዲ.አር. 4 ገዝታችሁ ብትመጡ አይገባም።

ራም ጨምራችሁ ለውጥ ካጣችሁ ዊንዶውሱ 32 ቢት ሊሆን ይችላል። 32 ቢት ዊንዶውስ 7 እና 10 ከአራት ጊጋ በላይ አይጠቀሙም። ስምንት ብትሰኩም አራቱ ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ከመግዛታችሁ በፊት ሲስተም ፕሮፐርቲስ ገብታችሁ ተመልከቱ።

ኮር ቱ ዱዎ እና ከዚያ በፊት የነበሩት ላይ ግን ገንዘብ አታፍሱ። የማዘርቦርዱ ካፓሲተሮች አናት ካበጠም እንደዚሁ። ዳታውን አውጡና ተሰናበቱት።

ድጋፍ አለቀ ሲባል

ዊንዶውስ 7 ድጋፉ ያበቃው ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ዊንዶውስ 10 ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቶለታል። ኮምፒውተሩ በነጋታው መሥራት አላቆመም። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ሁሉም ነገር እንደ ትናንቱ ስለሚመስል ማንም አይደነግጥም። የቆመው ጥገናው ነው። ከዚያ ቀን በኋላ የሚገኝ ቀዳዳ ሁሉ በዚያ ኮምፒውተር ላይ ክፍት ሆኖ ይቀራል። ቀዳዳው የት እንዳለ ደግሞ ለሌላው ዊንዶውስ የሚወጣው ጥገና ራሱ ለአጥቂዎች ይጠቁማቸዋል።

ጥገና ማጣት ምን እንደሚያስከትል ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ታይቷል። ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በጥቂት ቀናት ውስጥ በ150 አገሮች ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮችን ያዘ። ፋይሉን ቆልፎ ገንዘብ ይጠይቅ ነበር። በእንግሊዝ የመንግሥት ሆስፒታሎች ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደርሰዋል። ለመሰራጨት ማንም ሰው አንድ ነገር እንዲነካ አልፈለገም። ኤስ.ኤም.ቢ. የሚባለው ዊንዶውስ ፎልደር ሼር የሚያደርግበት መንገድ የመጀመሪያ ቨርዥን ላይ ቀዳዳ ነበር። በዚያ በኩል ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ራሱ ተሻገረ። የሚያስቆጨው ማይክሮሶፍት ጥገናውን ያወጣው መጋቢት 5 ቀን፣ ሁለት ወር ያህል ቀድሞ መሆኑ ነው። የተያዙት አብዛኞቹ ጥገናው ወጥቶላቸው ያልጫኑ የዊንዶውስ 7 ኮምፒውተሮች ነበሩ።

ስለዚህ ያንን የድሮ ቨርዥን አጥፉት። ዊንዶውስ 10 ላይ ፊቸሮች ከሚበሩበትና ከሚጠፉበት ዝርዝር ውስጥ ታገኙታላችሁ። አንድ ነገር ግን ቀድማችሁ አረጋግጡ። ስካን ያደረገውን ወደ ሼር ፎልደር የሚልክ አሮጌ ፎቶኮፒ ማሽን ካላችሁ በዚሁ ቨርዥን ብቻ የሚሠራ ሊሆን ይችላል። ሰኞ ጠዋት ጸሐፊዋ «ስካነሩ ሞተ» ከምትላችሁ ቀድማችሁ ወደ ፍላሽ ወይም ወደ ኢሜይል እንዲልክ ቀይሩት።

ወደ ዊንዶውስ 11 መሻገር ብዙ አሮጌ ኮምፒውተር አይችልም። ቲ.ፒ.ኤም. 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይጠይቃል። ኢንቴል ከሆነ ደግሞ ጥቂቶች ካልሆኑ በቀር ከስምንተኛ ጄኔሬሽን በታች ያለውን አይቀበልም። ለዊንዶውስ 10 ድርጅቶች የተራዘመ ጥገና መግዛት ይችላሉ። ለመጀመሪያው ዓመት በአንድ ኮምፒውተር 61 ዶላር ነው፤ በየዓመቱ እጥፍ እየሆነ በሦስተኛው ዓመት ያበቃል። እኔ ብሆን ለሁሉም አልገዛም። ለሒሳብ ክፍሉና ለሰው ኃይሉ ኮምፒውተር ብቻ እገዛለሁ።

ለሪሴፕሽኑና በብሮውዘር ብቻ ለሚሠራው ኮምፒውተር በዊንዶውስ ቦታ የሚጫነውን ሊኑክስ ሚንትን ሞክሩ። ነጻ ነው። አራት ጊጋ ራም ይበቃዋል። ጥገናው ይመጣለታል፣ አማርኛም ይጻፍበታል። መጀመሪያ ከፍላሽ አስነስታችሁ ሳትጭኑት ሞክሩት። ፕሪንተሩ ከሠራና ሠራተኛው ካልተቸገረ ያኔ ጫኑት።

ክራኩና አድሚኑ

በግልጽ እንነጋገር። ብዙ ቢሮ ውስጥ ያለው ዊንዶውስ ያልተገዛ፣ በክራክ (ላይሰንሱን በሚያልፍ ፕሮግራም) የተከፈተ ነው። የላይሰንስ ዋጋና የዶላር እጥረት እንዳለ አውቃለሁ። ግን ክራኩ ሲጫን የመጀመሪያው ትዕዛዝ «አንቲቫይረሱን አጥፉ» የሚል ነው። ማን እንደሠራው የማይታወቅ ፕሮግራም በሙሉ ሥልጣን ገባ። ከዚያ በኋላ ምን እንደሠራ የሚነግራችሁ የለም። አንዳንዱ አፕዴቱንም ጨርሶ ይዘጋዋል። ገንዘብ ከሌለ ክራክ ከመጫን ሊኑክስና ሊብሬ ኦፊስ ይሻላሉ። ለመሥሪያ ቤት ዳታ የምትጠየቁት እናንተ ናችሁ።

ሁለተኛው፣ ሁሉም ሠራተኛ አድሚን ሆኖ መሥራቱ ነው። የዘወትር አካውንቱን ስታንዳርድ አድርጉት። ፓስወርድ ያለው ሌላ አድሚን አካውንት ለእናንተ ይኑር። በመጀመሪያው ሳምንት ስልክ ይበዛባችኋል። «ይህን ጫንልኝ፣ ያንን ክፈትልኝ» ይባላል። ታገሱት። ሠራተኛው በስህተት የነካው ቫይረስ የእሱን ያህል ሥልጣን ብቻ ነው የሚኖረው። ከዚህ የበለጠ ርካሽ መከላከያ አላውቅም። በሁሉም ኮምፒውተር ላይ አንድ ዓይነት የአድሚን ፓስወርድ ግን አታድርጉ። አንዱ ከተያዘ ሁሉም ይያዛል።

ፍላሽ

ፎልደሮቹ ሾርትካት የሆኑበትን ፍላሽ ያላየ የለም። ሲታይ «ደሞዝ ሰኔ» የሚለው ፎልደር ስሙ እንዳለ ነው፤ ግን ጥግ ላይ ቀስት አለችው፣ መጠኑም አንድ ኪሎባይት ነው። በቀኝ በኩል ተጭናችሁ ፕሮፐርቲስ ብትሉና ታርጌት የሚለውን ብታነቡ ፎልደሩን ብቻ አይጠራም። መጀመሪያ የዊንዶውስን ትዕዛዝ ማስኬጃ ይጠራል፣ በእሱ በኩል የተደበቀ ስክሪፕት ያስነሳል፣ ከዚያ ፎልደሩን ይከፍታል። ሠራተኛው ፎልደሩ ስለተከፈተለት ምንም አይጠረጥርም። ኮምፒውተሩ ግን ተይዟል። ቀጥሎ የሚሰካው ፍላሽ ሁሉ ይያዛል።

እዚህ ላይ የሚሠራው ስህተት ፍላሹን ፎርማት ማድረግ ነው። ፋይሎቹ አብዛኛውን ጊዜ አልጠፉም፤ ተደብቀዋል። መጀመሪያ ኮምፒውተሩን አጽዱ፤ አለዚያ ፍላሹን ባጸዳችሁት ቁጥር መልሶ ይይዘዋል። ከዚያ አትሪብ በሚባለው ትዕዛዝ የተደበቁበትን ምልክት አንሱ፣ ፎልደሮቹ ሲመለሱ ሾርትካቶቹንና እንግዳውን ስክሪፕት አጥፉ። ለሁልጊዜው አውቶፕሌይን ዝጉ። የፋይል መጨረሻ ስም እንዲታይም አድርጉ፤ ፒ.ዲ.ኤፍ. መስሎ መጨረሻው ኢ.ኤክስ.ኢ. የሆነ ፋይል ያኔ ይጋለጣል። ከውጭ የሚመጣ ፍላሽ መጀመሪያ የሚታይበት፣ ከኔትወርኩ የተለየ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር በር አካባቢ ቢቀመጥ ደግሞ ድካማችሁ በብዙ ይቀንሳል።

ዊንዶውስ 7ን መተው ካልተቻለ

በየቢሮው አንድ የማይነካ ኮምፒውተር አለ። የድሮው ፒችትሪ የሚሠራው እሱ ላይ ነው፣ ወይም የላብራቶሪው ማሽን ከእሱ ጋር ነው የተገናኘው። ማንም አፕግሬድ ማድረግ አይደፍርም። እሺ፣ ይቆይ። ግን ብቻውን ይቆይ።

የመጀመሪያው እርምጃ ኢንተርኔቱን መቁረጥ ነው። ቋሚ አይፒ ስጡትና በራውተሩ ላይ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ዝጉት። ዲፎልት ጌትዌይ (ወደ ውጭ የሚወጣበት በር አድራሻ) የሚለውንም ባዶ ተዉት። የቢሮውን ኮምፒውተሮች ያገኛል፤ ኢንተርኔት ግን አያገኝም። ሒሳብ ሠራተኛዋ ወደ ገቢዎች ኢ-ታክስ የምትገባው፣ የባንክ ሥራም የምትሠራው ከሌላ ኮምፒውተር ይሁን። ዊንዶውስ 7 ላይ ክሮም ከቨርዥን 109 በኋላ ማደስ አቁሟል፤ ስለዚህ በእሱ ባንክ መክፈት ጭራሽ አይታሰብም።

ቀጥሎ ሼር ፎልደሩን ተመልከቱ። «ኤቭሪዋን፣ ፉል ኮንትሮል» የሚል ታገኛላችሁ። ድሮ አልሠራ ሲል ለመገላገል የተከፈተ ነው። ኔትወርኩ ላይ የገባ ሁሉ፣ ቫይረስም ጭምር፣ ሒሳቡን መሰረዝ ይችላል ማለት ነው። የሚጠቀሙትን ሁለት ሦስት ሰዎች በስም አስገቡና ኤቭሪዋንን አውጡ። ፋየርዎሉ ላይም የእነሱን ኮምፒውተር ብቻ ፍቀዱ። ሪሞት ዴስክቶፕን ዝጉ። አንድ ጊዜ ለጥገና የተጫነ ኤኒዴስክ (ኮምፒውተሩን ከሩቅ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም) ቋሚ ፓስወርድ ይዞ ተቀምጦ ከሆነ አንሱት። የእንግዳ ዋይፋይ ደግሞ ከዚህ ኔትወርክ ይለይ፤ የራውተሩም ፓስወርድ «አድሚን» ሆኖ አይቅር።

ባክአፑ የት ተሰክቷል?

ብዙ ቢሮ ኤክስተርናል ዲስክ ገዝቷል። ዲስኩ ግን ሌት ተቀን ተሰክቶ ይውላል። ፋይል ቆላፊ ቫይረስ ሲገባ ሲ ድራይቭን ቆልፎ ሲጨርስ ወደ እሱ ይሄዳል። ሁለቱም አብረው ይቆለፋሉ። ሁለት ዲስክ ይኑራችሁ። በሳምንት በሳምንት ይቀያየሩ። ባክአፕ ሲያልቅ ይነቀል። አንዱ ከሕንጻው ውጭ ይደር፤ እሳትና ሌባ ሁለቱንም በአንድ ሌሊት እንዳይወስዱ። ከቢሮ የሚወጣው በፓስወርድ የተመሰጠረ ይሁን፤ ዊንዶውስ ፕሮ ላይ ቢትሎከር ለዚህ ያገለግላል። በየወሩ ደግሞ አንድ ፋይል መልሳችሁ ክፈቱ።

ሲሸጥ

የወጣው ኮምፒውተር በጨረታ ይሸጣል፣ ለትምህርት ቤት ይሰጣል፣ ወይም መርካቶ ይወርዳል። ከዚያ በፊት ዲስኩ ላይ ፈጣኑን ፎርማት ማድረግ አይበቃም። እሱ ማውጫውን እንጂ ፋይሉን አያጠፋም። በነጻ የሚገኝ የማስመለሻ ፕሮግራም የሠራተኞችን ደሞዝ፣ የመታወቂያ ኮፒ፣ የደንበኞችን ስልክ መልሶ ያወጣዋል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የሰው መረጃ ይዞ የተገኘ ድርጅት ኃላፊነት አለበት። የሚሽከረከር ዲስክ ከሆነ ከዳር እስከ ዳር በሌላ ዳታ እንዲጻፍበት አድርጉ። ረጅም ሰዓት ይወስዳል፤ ማታ አስጀምራችሁት ሂዱ። ኤስ.ኤስ.ዲ. ከሆነ የአምራቹን ማጥፊያ ፕሮግራም ተጠቀሙ። የተበላሸና ጨርሶ የማይነሳ ዲስክ ከሆነ ሳጥኑ ውስጥ አትተዉት። ነቅላችሁ አስቀሩትና የሚሽከረከር ከሆነ ሳህኑን፣ ኤስ.ኤስ.ዲ. ከሆነ ቺፖቹን በድሪል ብሱ። በንብረት ክፍል መዝገብ ላይም ዲስኩ ወጥቶ መወገዱን ከነሲሪያል ቁጥሩ አስጽፉ።